የእኔ ግብር ይጨመርልኝ

እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2024
ፖርት ኬሊግ፣ ስኮትላንድ

ለክቡር አቶ ኒኒያን ካርገል
የኢንቨርሃላን ምክር ቤት የቤት ግብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኢንቨርሃላን

አመልካች፦ ቶርኪል ማክፌል፣ ጡረታ የወጣ ጀልባ ሠሪ

አድራሻ፦ የኮረብታ ጎዳና፣ ፖርት ኬሊግ (ደጃፉ ላይ ሁለት የተገለበጡ አሮጌ ጀልባዎች ያሉበት ቤት)

ጉዳዩ፦ የእኔ የቤት ግብር እንዲጨመር፣ የወደብ ጎዳና ቤቶች ግምት እንደገና እንዲታይ፣ እንዲሁም ከመንደራችን የውይይት ቃለ ጉባኤ ላይ አንድ መስመር እንዲወጣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ «ግብር በዛብኝ» የሚል ደብዳቤ በየቀኑ እንደሚጎርፍ አልጠራጠርም። ይህ ግን ከዚያ ወገን አይደለም። የእኔ አቤቱታ ግብር አነሰኝ የሚል ነው። ጉዳዩን ሲያነቡ የሚቀልድብዎ ሰው የመጣ ከመሰለዎት፣ ታግሠው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቀልድ እወዳለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን አልቀልድም። አንዳንድ ቦታ ካመለጠኝም ሳላስበው ነው።

1. እኔ አመልካች ተወልጄ ያደግሁትም፣ ጀልባ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁትም እዚሁ ፖርት ኬሊግ ነው። የምኖረው ከአባቴ በወረስኩት ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ክፍሎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ገብቼ የማላያቸው አሉ። ፎቁ ላይ ወጥቼ በመስኮት ስመለከት ባሕሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያለሁ። የዚህ ቤት ግብር ግን ምክር ቤቱ ካወጣቸው እርከኖች ሁሉ ዝቅተኛው ላይ ነው። ከኮረብታው ሥር፣ በወደብ ጎዳና መጨረሻ ላይ፣ ወይዘሮ ኤልስፔት ሌኖክስ የሚባሉ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ጎረቤት አሉኝ። የእሳቸው ቤት ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት ብቻ ናት፤ ሁለት እንግዳ አብሮ ከመጣ አንዱ ሻዩን የሚጠጣው ደጅ ቆሞ ነው። የእሳቸው ግብር ከእኔው በብዙ እርከን ይበልጣል።

ይህን ያወቅሁት ገና ባለፈው ወር ነው። ዕድሜህን ሙሉ ጎረቤት ሆነህ እንዴት አላወቅህም ቢሉኝ አልፈርድብዎትም። ክቡርነትዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ ምናልባት እናንተ ዘንድ ይለይ ይሆናል። እኛ ጋ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሰው ስለ ግብሩ ከሚያወራ ስለ ኪንታሮቱ ቢያወራ ይቀለዋል። የጎረቤቴን ውሻ የሆድ ሕመም ከነመድኃኒቱ አውቃለሁ፤ ቤቱ በስንተኛ እርከን እንደሚከፍል ግን ሳላውቅ አብረን አርጅተናል። «ኑሮ እንዴት ነው?» የተባለ ሰው ሁሉ «አልማረርም» ብሎ ይመልሳል። ቤቱ ጣራ ባይኖረውም መልሱ ይኸው ነው።

2. ምክር ቤቱ የአካባቢ ግብርን ፍትሐዊ ለማድረግ በየመንደሩ ሕዝቡን እንደሚያወያይ ባስታወቀው መሠረት፣ ባለፈው ወር የመንደራችን አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው የመጣው የሴቶች ማኅበሩ ኬክ ያቀርባል ስለተባለ ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ የተላኩት ወይዘሪት ሾና ቢሴት ጨዋና ትዕግሥተኛ ሰው መሆናቸውን ያለ አድልዎ እመሰክራለሁ። በትናንሽ ጠረጴዛዎች ከፋፍለው አስቀመጡንና «ፍትሐዊ ግብር ማለት ለእናንተ ምን ማለት ነው?» የሚለውን እንድንወያይበት ሰጡን።

እኛም ተወያየን። ስለ ዝናቡ ተወያየን፤ ስለ መሻገሪያ መርከቡ መዘግየት ተወያየን፤ ስለ አዳራሹ ጣራ ማፍሰስ በሰፊው ተወያየን። በእኔ ጠረጴዛ ግብር የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ ያነሣውም ሰው ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ።

3. ወይዘሪት ቢሴት ይህን አይተው ዘዴ ቀየሩ። «መናገሩ ከከበዳችሁ በእግራችሁ ንገሩኝ» አሉን። «ግብሬ ከሚገባኝ በላይ ነው የምትሉ ወደ መድረኩ፣ ልክ ነው የምትሉ መሐል፣ ያንሰኛል የምትሉ ወደ በሩ ሄዳችሁ ቁሙ።»

ክቡር ሆይ፣ አዳራሹ እንደ መርከብ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ሁሉም መድረኩ ሥር ሄዶ ተጠቀጠቀ፤ መቆሚያ ያጡት መድረኩ ላይ ወጡ። እኔ ግን ወይዘሪት ቢሴት ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ሥዕል ቀደም ብዬ ሳየው ነበር። በየእርከኑ ሥር ምን ዓይነት ቤት እንደሚገባ ተሥሏል። በእኔ እርከን ሥር የተሣለችው አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት ሚጢጢ ቤት ነች። በኔ ቤት ያቺን የሚያክለው የከሰል ማስቀመጫው ብቻ ነው። ስለዚህ ሄጄ በሩ ጋ ቆምኩ። ብቻዬን።

ወይዘሮ ኤልስፔት ከመድረኩ ሥር ሆነው አዩኝ። «አንተ ቶርኪል፣ ልትሄድ ነው እንዴ? ኬኩ እኮ ገና አልተቆረሰም!» አሉኝ።

«አልሄድም። ግብሬ ያንሰኛል ብዬ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ወይዘሮ ኤልስፔት በመንደራችን ታሪክ ማንም ማንንም በአደባባይ ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቁኝ። «ስንተኛ እርከን ነህ?»

ነገርኳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ቀጥሎ ሳቃቸው አመለጣቸው። የራሳቸውን ሲናገሩ ደግሞ የምስቅበት አቅም አጣሁ።

4. የወይዘሮ ኤልስፔት ሁለት ክፍል ቤት እንዴት እንዲህ ካለ ከፍተኛ እርከን ላይ ወጣች? ወይዘሮ ኤልስፔት የኬክ መቁረጫ ቢላዋቸውን እንደያዙ ነገሩን። እኔ ስተርከው ስለሚበላሽ፣ በአዳራሹ የነበረ ሁሉ በሰማው በራሳቸው አንደበት አቀርበዋለሁ።

«ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ በዘጠና አንድ፣ የቤት ግምት ሊደረግ ነው ተብሎ ሲወራ እኛ የት ሰማን! ልባችን የነበረው የአበባ ውድድሩ ላይ ነው» አሉ። «የኮሚቴዋ ሰብሳቢ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዳኛው ሳይናገር ነው የሚመጣው፣ በመኪና እያዘገመ ቤት ቤቱን እያየ የሚጽፍ እንግዳ ካያችሁ እሱ ነው ብላናለች። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ልጅ በመኪና ቀስ እያለች መጣች። ታያለች፣ ትጽፋለች፤ ታያለች፣ ትጽፋለች። በቃ፣ ጎዳናው አበደ! አበባችን ግን ለሁሉም ቤት አይበቃም። ምን አደረግን? የመጀመሪያውን ቤት አይታ ስታልፍ፣ የዚያን ቤት የአበባ ማሰሮ በጓሮ በኩል ይዘን እየሮጥን ሁለተኛው ቤት ደጅ ላይ ደረደርን። ሁለተኛውን ስታልፍ የሁለቱን ሰብስበን ወደ ሦስተኛው። ወንዶቹ በካልሲ ነበር የሚሮጡት፣ ኮቴ እንዳይሰማ!»

ሰዉ መሳቅ ጀምሯል። እሳቸው ግን ፍርድ ቤት እንደቀረበ ምስክር ኮስተር ብለው ቀጠሉ።

«የእኔ ቤት ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። የጎዳናው አበባ በሙሉ እኔ ደጅ ተከመረ፤ የቤቴ በር ራሱ አይታይም ነበር። አርፌ ብቀመጥ ጥሩ! የሎሚ ኬክ ይዤ መኪናዋ መስኮት ድረስ ሄድኩላት። ልጄ፣ እንደዚህች ያለ ቤት በዚህ ባሕር ዳርቻ ብትዞሪ አታገኚም፣ ፀሐይ የምትወጣው እዚህ አልጋዬ ላይ ነው አልኳት። እውነትም ያምራል ብላ ጻፈችው። ኬኬን በላች፣ ግብሬን ሰቀለች፣ ሄደች።»

ያች ልጅ የአበባ ዳኛ ሳትሆን ለቤት ግብር ግምት የተላከች መሆኗ የታወቀው ደብዳቤው ሲመጣ ነው። ትክክለኛው ዳኛ የመጣው በሌላ ሳምንት ነበር፤ ያን ጊዜ አበባው በሩጫው ብዛት ተጎሳቁሎ ስለነበር አንድም ሽልማት አልደረሰንም።

ወይዘሪት ቢሴት ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው «ታዲያ ያኔውኑ ለምን አላመለከቱም?» አሏቸው።

«ምን ብዬ? አበባው የእኔ አልነበረም፣ የተዋስኩት ነው ብዬ? ኮሚቴው ፊት እንዲህ ብዬ ከምቆም የጨረቃንም ግብር ጨምሩብኝ!»

5. የወደብ ጎዳናን ታሪክ ካነሣሁ የራሴን ቤት መደበቅ አይገባኝም። አባቴ ያን ጊዜ ከአበባ ኮሚቴው ጋር ተጣልቶ ነበር። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ደጃፉ ላይ የተገለበጠችውን አሮጌ ጀልባ አንሣ፣ የመንደሩን መልክ ታበላሽብናለህ ብላዋለች። አባቴም ሄዶ ሌላ የባሰች ጀልባ ገዝቶ አጠገቧ ገለበጠ። ግምት የምታደርገው ልጅ የኛን ጎዳና ስታልፍ አባቴ በሁለቱ ጀልባዎች መካከል ቆሞ በግልምጫ ሸኝቷታል፤ እሱም የአበባ ዳኛ መስላው ነው። እሷም መስኮቷን ዘግታ ጎዳናችንን በሙሉ ሳታቆም በፍጥነት አለፈች። ከጀልባዎቹ ጀርባ ያለውን ቤት አይታው አታውቅም። ዛሬ የማልከፍለው ግብር የአባቴ ግልምጫ ውጤት ነው። ጀልባዎቹን ያላነሣኋቸው ለእሱ መታሰቢያ ይሁኑ ብዬ ነው፤ አሁን ሳስበው ግን በሁለቱ እንጨት ዓመታት ሙሉ ከግብር ተሸፍኜ ኖሬያለሁ።

6. ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን በልዩ ትኩረት እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። የሰዉ ምላስ ተፈታ። የወደብ ጎዳና ሰዎችና የኮረብታ ጎዳና ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እርከናቸውን ተነጋገሩ። አንዱ «አንተ ስንት?» ይላል፤ ሌላው ይነግረዋል፤ ሁለቱም ራሳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ትንሽ ቆይቶ የእኛ ጎዳና ሰዎች ከመድረኩ ሥር አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። አንዳንዶቹ መሐል ድረስ መጡ። ሁለት ሦስቱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እኔ እስካለሁበት እስከ በሩ መጡና አጠገቤ ቆሙ። አንዱ፣ ያ ሁሉ ዓመት የተኮራረፍነው ጎረቤቴ፣ «ብርድ ነው አይደል እዚህ ጋ?» አለኝ። ብርድ ነበር፤ በሩ ይከፈታል። ደስታዬን ግን አልደብቅም፤ ልቤ ሞልቶ ነበር።

ስለዚህ ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰንን ማጠቃለያ ሳነብ በጣም አዘንኩ። «ተሳታፊዎች በቆጠራው መካከል ቦታቸውን ስለቀያየሩና በሳቅ ምክንያት ሥርዓት ስለታጣ ውይይቱ ውጤት አላስገኘም፤ ሁለተኛው ውይይት በኢንቨርሃላን ከተማ ይካሄዳል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ቦታቸውን መቀያየራቸው እኮ ነው ውጤቱ! ሰው ግብር ቢጨመርብኝ ይገባኛል ብሎ በገዛ እግሩ ሲሄድ የታየው የትኛው ከተማ ነው?

7. ሳቁን በተመለከተ ግን ጽሕፈት ቤትዎ አልዋሸም። ነገሩ እንዲህ ነው። ወደብ ላይ በመኪና ዓሣ እየጠበሰ የሚሸጠው አርኪ ደንባር ቀልደኛ ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። ወይዘሪት ቢሴት «በሁለቱ ቤቶች መካከል ላለው ልዩነት መፍትሔ የሚሆን ሐሳብ ያለው አለ?» ብለው ሲጠይቁ እጁን አወጣ።

«ምን ያደክማችኋል? አንተ ሰውዬ፣ አግባትና የአንድ ቤት ግብር ክፈሉ!»

ጉድ ፈላ። ኬክ የያዘው ኬኩን ጣለ፤ አንድ ሰው ከመድረኩ ላይ ወደቀ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዳም። እኔ ፊቴን የማደርግበት አጣሁ። (ለመዝገቡ ያህል፣ አርኪ ሒሳቡን አልሠራውም። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚቀነስለት ግብር አለ፤ ብንጋባ ሁለታችንም ቅናሹን እናጣለን።)

ወይዘሮ ኤልስፔት ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። አልተቆጡም። የኬክ ሣጥናቸውን ከደኑና «አርኪ፣ እኔ ቤቴን የምለቀው ግብሩ ስላቃተኝ ነው እንጂ ባል ስላጣሁ አይደለም። ለግብር ብላ የምታገባ ሴት ከፈለግህ ሌላ መንደር ፈልግ» ብለውት ወጡ። በእኔ በኩል ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩኝም።

ቤታቸውን ሊለቁ መሆኑን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

8. አጣርቻለሁ፤ እውነት ነው። የጡረታ ገቢያቸውና የቤታቸው ግብር ከተጣሉ ቆይተዋል። ክረምቱን ያሳለፉት አንደኛውን ክፍል ዘግተው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አበርዲን የምትኖረው ልጃቸው አንድ ጠባብ ቤት አግኝታላቸዋለች፤ በጋው ሲያልቅ ይሄዳሉ። ባሕሩ ከማይታይበት አራተኛ ፎቅ ላይ!

ገንዘብ ያለህ ከሆንክ አንተ ለምን አትረዳቸውም ይሉኝ ይሆናል። ክቡርነትዎ ይህን ካሉ ወይዘሮ ኤልስፔትን አያውቋቸውም ማለት ነው። በመንደራችን የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ እሳቸው ደግሞ ይህን ልማድ ከሁሉም በላይ አጥብቀው የያዙ ናቸው። ዓሣ ብልክላቸው ሰሃኑ የፖም ኬክ ተሸክሞ ይመጣል። ከሰል ባደርስላቸው ማግሥቱን ደጃፌ ላይ የእንጆሪ ማርማላታ አገኛለሁ። አምና የጣራቸውን አሸንዳ ባበጅላቸው ክረምቱን ሙሉ ሹራብ ሠሩልኝ፤ ይህን የምጽፈውም እሱኑ ለብሼ ነው። ሱፉ አሸንዳውን ሦስት ጊዜ ይገዛ ነበር። በአጭሩ እሳቸውን መርዳት ማለት እሳቸውን ማክሰር ነው። ኬክ ተልኮለት ሰሃን የማይመልስ አንድ ምክር ቤቱ ብቻ ስለሆነ ወደ እርስዎ መጥቻለሁ።

9. ይህን አቤቱታ ከመጻፌ በፊት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሣው ባልደረባዎ በጣም ትሑት ነው። ግብር ይጨመርልኝ ስለው «ጌታዬ፣ መቀነስ ነው የፈለጉት?» አለኝ። አይደለም፣ መጨመር አልኩት። «እንደዚያ የሚል ምርጫ የለንም» አለኝ። እንዲፈልግልኝ ለመንኩት። ፈልጎ ተመልሶ «በእውነት የለም፤ ግን ደብዳቤ ይጻፉ፤ ቢሮው በሙሉ ማንበብ ይፈልጋል» አለኝ። ስለ ቅንነቱ እንዲመሰገንልኝ እጠይቃለሁ።

ስለሆነም ከላይ በዘረዘርኳቸው ምክንያቶች የሚከተሉት እንዲፈጸሙልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ፦

ሀ) የእኔ ቤት ግምት እንደገና እንዲሠራና ግብሬ ወደሚገባው እርከን እንዲወጣ። ጀልባዎቹን አነሣለሁ። አባቴ ቢኖር ይቆጣ ነበር፤ ስለዚህ ገማቹ መጥቶ እስኪያይ ብቻ ዘወር አድርጌ መልሼ ባስቀምጣቸው እንዲፈቀድልኝ።

ለ) የወደብ ጎዳና ቤቶች፣ ከወይዘሮ ኤልስፔት ቤት ጀምሮ፣ ከመኪናው በሚወርድ ሰው እንዲታዩ። ለዚህ ሥራ የሚላከው ሰው ገብቶ ሁለቱን ክፍሎች በዓይኑ ይይ። ኬክ ይቀርብለታል፤ ይብላ፤ ግን እሳቸው ስለ ቤታቸው የሚነግሩትን አንዲት ቃል እንኳ እንዳይጽፍ። እስከ ዛሬ ቤታቸውን ማማት አይሆንላቸውም፤ አሁንም ፀሐይዋ አልጋቸው ላይ እንደምትወጣ ይነግሩታል።

ሐ) ሁለተኛው ውይይት ወደ ከተማ መወሰዱ ቀርቶ እዚሁ አዳራሻችን እንዲደረግ። የቀሩት የኮረብታ ጎዳና ሰዎች ወደ በሩ ለመድረስ ትንሽ ነው የቀራቸው፤ ከተማ ከሄድን ተመልሰው መድረኩ ሥር ይገባሉ። በበኩላችን በሩ ጋ ማሞቂያ እናስቀምጣለን።

መ) ከቃለ ጉባኤው ላይ አንድ መስመር እንዲወጣልኝ። ወይዘሪት ቢሴት የተባለውን ሁሉ በታማኝነት መዝግበዋል፤ ስለዚህም ረቂቁ ላይ «ከተሳታፊ የቀረበ ሐሳብ፦ የሁለቱን ቤቶች ግብር በጋብቻ ወደ አንድ ማውረድ። ከፍተኛ ድጋፍ አግኝቷል» የሚል አለ። ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ በአዳራሹ በር ላይ እንደሚለጠፍ አውቃለሁ።

የዚህን የመጨረሻ ጥያቄ ምክንያት እንደ አመልካች ሳይሆን እንደ ሰው ልንገርዎት። መስመሩ ይውጣልኝ የምለው ውሸት ስለሆነ ወይም ስላፈርኩበት አይደለም። አርኪ ከእኔ ስለቀደመብኝ ነው። እኔ «ታገቢኛለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ሁለት ክረምት ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር። ሰሃን ልመልስ በሄድኩ ቁጥር ልናገር እልና ስለ ዝናቡ አውርቼ እመለሳለሁ። ሰባን ያለፈ ሰው እንዲህ እንደሚንተባተብ ማን ያምናል? አሁን ደግሞ ያ ዓሣ ጠባሽ ጥያቄዬን ከግብር ጋር ቀላቀለብኝ፤ ኤልስፔትም ለግብር ብዬ አላገባም ብላ በሕዝብ ፊት ተናገረች። እሷ ደግሞ ከቃሏ ፍንክች አትልም።

እንግዲህ ችግሬን ይዩልኝ። ግብሩ እንዳለ ሆኖ ብጠይቃት እና እምቢ ብትለኝ፣ የጠላችው እኔን ይሁን አርኪን ሳላውቅ እቀራለሁ። እሺ ብትለኝ ደግሞ ቤቷን ይሁን እኔን የወደደችው ስጠራጠር እኖራለሁ፤ ይህ ከእምቢታው ይብሳል። የምፈልገው ግብሯ ልክ ሆኖላት፣ ልትሄድም ልትቀመጥም እንደምትችል አውቃ፣ የገዛ ደጇ ላይ ቆማ የምትመልስልኝን መልስ ነው። እሱን ለመስማት መጀመሪያ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት መወሰን አለበት። በጋው ሳያልቅ ቢሆን ምን ያህል እንደማመሰግንዎ በቃል አልችለውም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። ወይዘሮ ኤልስፔት እምቢ ቢሉኝ፣ ይህን አቤቱታ መልሼ አልወስድም፤ የእሳቸው ግብር እንደተቀነሰ፣ የእኔም እንደተጨመረ ይቆይ። ያን ያህል ክፍል ያለው ቤት ነው፤ ብቻዬንም ብኖርበት ትልቅ ነው።

ከወደቡም ከኮረብታውም ሰላምታ ጋር፣

ቶርኪል ማክፌል
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለማንም። መልሱ በደንብ በታሸገ ፖስታ ቢላክልኝ እመርጣለሁ፤ ፖስታ አዳያችን የአርኪ ወንድም ነው።